ያለ መሪ በጓንግ ወንዝ ላይ

በ2014 ዓ.ም. ክረምት አራት የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ሆነን አንዲት የጎማ ጀልባ በአውቶቡስ ጣራ ላይ ጭነን ከጎንደር ወደ መተማ ወረድን። ከአራቱ አንዱ እኔ ነበርሁ። ጀልባዪቱን የአንደኛው ጓደኛችን አጎት ከውጭ አገር ሲመለስ ያመጣት ስትሆን፣ የተሠራችውም ጸጥ ባለ ሐይቅ ዳር ሰው እንዲንሸራሸርባት ነው እንጂ ለሚያጓራ ወንዝ አይደለም። ይህን ልዩነት በዚያን ጊዜ አላወቅነውም። ፈረንጆች «ነጭ ውኃ» በሚሉት፣ ከቋጥኝ ጋራ እየተላተመ አረፋ በሚደፍቅ ወንዝ ላይ በጎማ ጀልባ የሚወርዱ ወጣቶችን በፊልም ብዙ ጊዜ ተመልክተናል። ሲስቁ፣ ሲጮኹ፣ ተገልብጠው እንደ ገና ሲወጡ አይተናል። ከኋላ በኩል ተቀምጦ፣ ሳይስቅ፣ ዓይኑን ከውኃው ላይ ሳይነቅል የሚቀዝፈውን ሰው ግን ልብ ብለን አላየነውም። ያ ሰው መሪው ነው።

መሪ ለመያዝ ያልፈለግነው በሁለት ምክንያት ነበር። አንደኛው፣ በኦሞና በዓባይ ላይ እንዲህ ያለውን ጉዞ የሚያካሂዱ ሰዎች የሚጠይቁት ዋጋ ለተማሪ ኪስ የሚቀመስ አለመሆኑ ነው። ሁለተኛውና ዋናው ምክንያት ግን ትምክሕት ነው። ሁላችንም ዋና እንችላለን፤ ሁለታችን ጣና ዳር ያደግን ነን፤ አንዱማ የምሕንድስና ተማሪ ስለ ሆነ የውኃ ፍሰት እንዴት እንደሚሰላ በፈተና ላይ ጽፎ ጥሩ ማርክ አግኝቷል። ከዚህ በላይ ምን መሪ ያስፈልጋል?

አገሩን ላላየው አንባቢ ጥቂት ልናገር። ጎንደር ከባሕር ወለል ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍ ብላ የተቀመጠች ከተማ ናት። በአዘዞ አድርጎ፣ ጭልጋን አልፎ ወደ ምዕራብ የሚወርደው መንገድ ከሱዳን ወሰን ላይ መተማ ዮሐንስ ሲደርስ ከፍታው ከ800 ሜትር በታች ይሆናል። አይከል ላይ ጋቢ የደረበ ሰው ገንዳ ውኃ ሲደርስ ሸሚዙንም ለማውለቅ ይቃጣዋል። ሰሊጥ፣ ጥጥና ማሽላ በሰፊው የሚዘራበት፣ ለአረምና ለአጨዳ ከደጋ የሚወርደው የቀን ሠራተኛ፣ በአገሩ አጠራር ሳሉግ፣ በሺህ የሚቆጠርበት ቆላ ነው። ወንዞቹ ጓንግ፣ ገንዳ ውኃ፣ ሽንፋ ይባላሉ። ከእነዚህ ውስጥ ጓንግ ከጣና በስተ ሰሜን ካለው ከፍተኛ አገር ተነሥቶ ወሰኑን ሲሻገር ስሙን ለውጦ አትባራ ይሆናል። ሱዳኖች ሰቲት የሚሉትን ተከዜን ተቀብሎ፣ አትባራ ከተማ አጠገብ ከናይል ጋራ ይገናኛል። ናይል ከዚያ ወዲያ እስከ ሜዲትራኒያን ባሕር ድረስ በረሓውን ብቻውን ነው የሚያቋርጠው።

ነገር ግን ጓንግ የበጋና የክረምት መልኩ ከቶ አይመሳሰልም። በበጋ አሸዋ፣ ቀጭን ጅረትና እዚህም እዚያም የቀረ ኩሬ ነው፤ ከብት ይጠጣበታል፣ ልጆች ይዋኙበታል። በሐምሌና በነሐሴ ዛፍ ከነሥሩ ነቅሎ የሚወስድ፣ ቀለሙ የተልባ ውኃ የመሰለ ሙላት ይሆናል። እኛ የመረጥነው ወር ነሐሴ ነው። ውኃ ሲበዛ ጉዞው ይጣፍጣል ብለን!

ወንዙ ዳር የደረስነው ከጧቱ በሦስት ሰዓት ነው። ከመሻገሪያው አጠገብ ከግራር ሥር አንድ ሽማግሌ ተቀምጠዋል።

«እንደምን አደሩ፣ አባቴ» አልናቸው።

«እግዜር ይመስገን። እናንተስ ልጆቼ፣ ይህ የተሸከማችሁት ምንድን ነው?»

«ጀልባ ነው፤ በወንዙ ልንወርድ ነው።»

«የት ልትወጡ?»

እርስ በርሳችን ተያየን። የምንገባበትን ቦታ እንጂ የምንወጣበትን ያሰበ አልነበረም።

«ወደ ታች በእግር ሄዳችሁ አይታችሁታል?» አሉን።

«የለም።»

«ከታች ገመድ ይዞ የሚጠብቃችሁ ሰው አለ?»

«የለም።»

ሽማግሌው ዝም ብለው በእጃቸው ውኃው ውስጥ የቆመች አንዲት ቀጭን ዘንግ አመለከቱን። ጎሕ ሲቀድ በወንዙ ጠርዝ ላይ የተከሏት ናት፤ አሁን ግን ከዳር ሁለት ክንድ ያህል ርቃ ቆማለች። «እዚህ ጠብታ አልወረደም፤ ጭልጋ ግን ሌሊቱን ሲያጓራ አድሯል» አሉ። «ግንዱ ሲመጣ አታዩም? ዓባይ ማደሪያ የለው ግንድ ይዞ ይዞራል ይባል የለም? ጓንግም የዓባይ ወንድም ነው። እስከ ነገ ቆዩ፤ ቤቴ ሰፊ ነው።»

እኛም በትሕትና አመስግነን ሣቅን። ሽማግሌው የነገሩን ግን በመጽሐፍ ጭምር የተመሰከረ ነገር መሆኑን ያወቅሁት ኋላ ነው። ሳሙኤል ቤከር የተባለው እንግሊዛዊ መንገደኛ በ1861 እ.ኤ.አ. ሰኔ ወር ኋላ ካገባት ከፍሎረንስ ጋራ በአትባራ ዳር ሠፍሮ ሳለ፣ ወንዙ ደርቆ አሸዋ ብቻ ነበር፤ ሰዎቹም አሸዋው ላይ ተኝተው ነበር። በሌሊት ከሩቅ እንደ ነጐድጓድ ያለ ድምፅ ተሰማ። ዐረቦቹ ወንዙ መጣ እያሉ ጮኹ፤ የተኙትም እየተነሡ ወደ ዳር ሮጡ። በነጋ ጊዜ ቤከር ያየው ስፋቱ 450 ሜትር ያህል፣ ጥልቀቱ ከ4.5 እስከ 6 ሜትር የሚደርስ ወንዝ ነው። በሠፈሩበት ቦታ ግን አንዲት ጠብታ ዝናም አልወረደም። ዝናሙ የዘነበው በእኛ አገር ደጋ ላይ ነው። ይህን ደራሽ ውኃ የሚልከው ከፍተኛ አገር ጓንግ የሚነሣበት አገር ነው፤ እኛም ያን ዕለት የቆምነው በዚሁ መንገድ መካከል ነበር።

ጀልባዪቱን የለቀቅናት በአራት ሰዓት ገደማ ነው። የነፍስ አድን ሰደርያ የነበረን ሁለት ብቻ ስለ ሆነ ዕጣ ተጣጣልን፤ ለእኔ አልወጣልኝም። የምሕንድስናው ተማሪ ሰደርያም ስላልደረሰው፣ ከጀልባዪቱ እንዳይለይ ብሎ አንድ ገመድ በወገቡ አስሮ ሌላውን ጫፍ ከጀልባዪቱ ቀለበት ጋራ ቋጠረው። ይህን ሲያደርግ ብልሃቱን አደነቅን። የመጀመሪያው መቶ እርምጃ በእውነቱ ደስ ይል ነበር። ውኃ እያሳሳቀ ይወስዳል የሚባለው ተረት ሳይሆን እንደ ቃሉ እውነት መሆኑን የተረዳሁት እዚያ ነው፤ በእርግጥ እንስቅ ነበርና። ወንዙ ወደ ግራ ሲታጠፍ ኃይሉ ሁሉ ወደ ውጭኛው ዳር ይሄዳል፤ እኛም አብረን ሄድን። ለመቅዘፍ ሞከርን፤ ነገር ግን አንዱ በቀኝ፣ አንዱ በግራ፣ ሁሉም በየራሱ ትእዛዝ ስለ ሆነ ጀልባዪቱ ዞረች። ከዳሩ ላይ ተገንድሶ ውኃው ውስጥ የተጋደመ ትልቅ ግራር ነበር። ጀልባዪቱ በጎኗ ደረሰችበትና እንደ እንጀራ ተጠቀለለችበት።

ሦስታችን ቅርንጫፍ ያዝን። አራተኛው የለም። ገመዱ ግን ተወጥሮ ከዛፉ ሥር ወደ ውኃው ውስጥ ይገባል። ልጁን ሕይወቱን ያተርፍለታል ብሎ ያሰረው ገመድ ከውኃው በታች ይዞታል፤ አንዳንድ ጊዜ ፊቱ ብቅ ይላል፣ እንደ ገና ይሰምጣል። በመካከላችን አንድ ካራ እንኳ የያዘ አልነበረም። ያዳኑት ለአረም የወረዱ ሳሉጎች ናቸው። ሽማግሌው አስቀድመው ጠርተዋቸው ኖሮ በዳር በዳር እየሮጡ ይከተሉን ነበር። ከበሬ ጠፍር የቀጣጠሉትን ገመድ ስምንት ሆነው ይዘው፣ አንዱ ጫፉን በእጁ ጨብጦ ማጭድ በጥርሱ ነክሶ ገባ፤ ገመዱንም ቆረጠው። ጓደኛችን ከታች ሃያ እርምጃ ያህል ርቆ ወጣ፤ በሆዱ የገባውን ውኃ አስመለሰ፤ ሌሊቱን ገንዳ ውኃ ላይ በሕክምና አደረ። ዛሬ ደኅና ነው፤ ይህን ጽሑፍ አስቀድሞ አንብቦ ስሙ እንዳይጠራ ብቻ ለምኖኛል። ከተነሣንበት እስከዚያ ዛፍ ያለው ርቀት አራት መቶ እርምጃ አይሞላም።

ከዚያ ወዲህ ስለዚህ ነገር ያገኘሁትን ሁሉ ሳነብ ቆየሁ። ወንዝ የሚያውቁ ሰዎች ከቋጥኝ ይልቅ የወደቀ ዛፍ ይፈራሉ። ቋጥኝ ውኃውን ወደ ኋላ ስለሚመልሰው ጀልባውንም በመጠኑ ገፋ ያደርገዋል፤ ዛፍ ግን እንደ ወንፊት ነው፤ ውኃው በቅርንጫፎቹ መካከል ያልፋል፣ ሰውየው ይቀራል። የውኃውንም ኃይል ሰው በዓይኑ አይቶ አይገምተውም። አንድ ሜትር ኩብ ውኃ አንድ ቶን ይመዝናል፤ ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን የሚገፋበት ኃይል አራት እጥፍ ይሆናል። የምሕንድስናው ተማሪ ይህን ቀመር በቃሉ ያውቀው ነበር። ቀመሩን ማወቅ ሌላ፣ ወንዙ ላይ ማየት ሌላ ሆነ።

ዓባይን ለመውረድ የሞከሩት ሰዎች ታሪክ ይህንኑ ያሳያል። በ1903 እ.ኤ.አ. አሜሪካዊው ማክሚላን የብረት ጀልባዎች አስመጥቶ ጉዞ ቢጀምር፣ ጥቂት ኪሎ ሜትር ሳይሄድ ተሰባበሩበት። በ1962 እ.ኤ.አ. የስዊስና የፈረንሳይ ተወላጆች የሆኑ ተጓዦች በሌሊት ሠፈራቸው ላይ ሳሉ ሽፍቶች ተኵሰውባቸው ሁለቱ ሞቱ። በ1960 ዓ.ም. ክረምት ብላሽፎርድ ስኔል የተባለው የእንግሊዝ መኰንን ወደ 70 የሚጠጉ ሰዎች ይዞ፣ በንጉሠ ነገሥቱ ፈቃድ፣ ከላይ አውሮፕላን እየበረረለት በጎማ ጀልባዎች ወረደ። ይህን ያህል ዝግጅት ባለበት ጉዞ እንኳ ኢያን ማክሎድ የተባለው ወታደር ሕይወቱ አለፈ። የሞተውም በትልቁ ዓባይ ላይ አይደለም፤ በሙላት ላይ የነበረ አንድ ገባር ወንዝ በገመድ ሲሻገር ነው። የደጋው ሰው ዓባይን ፈርቶ ገባሩን ሲንቅ ብዙ ጊዜ አይቻለሁ፤ ስለዚህ ይህን ልብ ማለት ይገባል።

ከሁሉ ይልቅ የማይረሳኝ ግን የማይክ ጆንስ ነገር ነው። እንግሊዛዊው ጆንስ ገና ተማሪ ሳለ በ1972 እ.ኤ.አ. ከጓደኞቹ ጋራ በካያክ፣ ማለት ለአንድ ሰው ብቻ በተሠራ ጠባብ ጀልባ፣ ዓባይን ወረደ። ከአራት ዓመት በኋላ ከኤቨረስት ሥር በሚወርደው ወንዝ ላይ ቀዘፈ። በ1978 እ.ኤ.አ. በፓኪስታን ውስጥ ብራልዱ በተባለ ወንዝ ላይ፣ ውኃ የወሰደውን ጓደኛውን ለማዳን ሲሞክር ሞተ። በዘመኑ ከእርሱ የሚበልጥ ቀዛፊ ጥቂት ነበር።

በሌላ በኩል አሜሪካዊው ፓስኳሌ ስካቱሮና ጓደኛው ጎርደን ብራውን ከዓባይ ምንጭ ተነሥተው በ114 ቀን፣ በ2004 እ.ኤ.አ. ሜዲትራኒያን ባሕር ደርሰዋል። የተነሡትም ክረምቱ ካለፈ በኋላ ነው። ጢስ ዓባይን የመሰለውን ስፍራማ የሚዘል የለም፤ ጀልባን በየብስ ተሸክሞ መዞር ነው። የሚያውቁ ሰዎች ይህን መሸከም እንደ ሽንፈት አይቈጥሩትም፤ እኛ ቢሆን ኖሮ ሰው እንዳያየን እናፍር ነበር።

እንግዲህ መሪ ሳይዙ መውረድ ክልክል ነው ወይ? አይደለም፤ በዓለም ላይ አያሌ ሰዎች ያደርጉታል። ነገር ግን ያለ መሪ መሄድ ማለት የመሪው ሥራ ቀረ ማለት አይደለም፤ ሥራውን ራሳቸው ተከፋፍለው ይሠሩታል ማለት ነው። ሥራውም ሽማግሌው በሦስት ጥያቄ የጨረሱት ነው።

ወንዙን አስቀድሞ በእግር ማየት የመጀመሪያው ነው። ድምፁ በተለወጠበት፣ ከፊት ያለው ውኃ በድንገት ከዓይን በተሰወረበት፣ መታጠፊያ በበዛበት ሁሉ ከጀልባ ወርዶ በዳር ሄዶ ማየት ያስፈልጋል፤ ከዳር የማይታይ ቦታ ካለ አይገባበትም። በዓለም የተለመደው መመዘኛ ወንዝን በስድስት ደረጃ ይከፍለዋል። ያለ መሪ የሚሄድ ጀማሪ ከሁለተኛው ማለፍ አይገባውም፤ ስድስተኛው ለባለሙያም የሞት ስፍራ ነው። ይህም ደረጃ ለወንዙ ለዘለዓለም የተሰጠ ማዕርግ አይደለም፤ በኅዳር ሁለተኛ የነበረው ስፍራ በነሐሴ አራተኛ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ክረምቱ ወጥቶ ሙላቱ ሲጎድል፣ ውኃው ሲጠራ መሄድ ይሻላል። በቆላ ወንዝ ግን ውኃ ሲጎድል አዞው በየኩሬው ይከማቻል፤ የቱ ኩሬ ባለቤት እንዳለው የሚያውቀው ደግሞ ያገሩ ሰው ብቻ ነው።

ገመድ ሁለተኛው ነው፤ በዚህ ላይ ከሌላው ይልቅ እጽፋለሁ፣ ምክንያቱን አንባቢ ያውቀዋል። ገመድ በወንዝ ላይ በሰው አካል ላይ አይታሰርም። የሚወረውረው ሰው ከአስጊው ስፍራ በታች በኩል፣ በዳር ላይ እግሩን ተክሎ ይቆማል፤ ከ15 እስከ 20 ሜትር የሚሆን፣ በከረጢት የተጠቀለለ፣ የሚንሳፈፍ ገመድ ይይዛል፤ አስቀድሞ «ገመድ!» ብሎ ይጮኻል፣ ከዚያ ይወረውራል፤ በእጁም አይጠመጥመውም። የወደቀውም ሰው ገመዱን በደረቱ ላይ አድርጎ በጀርባው ይሆናል እንጂ አያስረውም። ሁሉም በቀላሉ የሚደርስበት ካራ ከሰደርያው ላይ ይኖረዋል። ሰደርያና የራስ ቁር ላንዱ እንኳ ከጐደለ ጉዞው ይቀራል፤ ዕጣ የለም።

ከጀልባ የወደቀ ሰው በሚሮጥ ውኃ ውስጥ ለመቆም መሞከር የለበትም፤ እግሩ በድንጋይ መካከል ከተያዘ ውኃው አጥፎ ይጥለዋል፣ ጥልቀቱ ከጉልበት ቢያልፍ ይበቃል። በጀርባ ተኝቶ፣ እግርን ወደ ፊት፣ ወንዙ ወደሚሄድበት ዘርግቶ፣ የእግር ጣቶችን ከውኃው በላይ አድርጎ መውረድ ነው። የወደቀ ዛፍ ከፊት ሲመጣ ብቻ ይህ ይገለበጣል፤ በደረት ዞሮ፣ በኃይል ዋኝቶ፣ ግንዱ ላይ መውጣት ያስፈልጋል፤ እግር አስቀድሞ ከሥሩ ከገባ ተመልሶ አይወጣም። ይህን ሁሉ ጸጥ ባለ ውኃ ላይ፣ ጀልባውን ሆን ብሎ እየገለበጡ ብዙ ጊዜ መለማመድ ይገባል። ከአንድ በላይ ጀልባ ሊኖር ይገባል። ትእዛዝ የሚሰጠውም አንድ ሰው ብቻ ነው። ወንዙ ሲያጓራ ድምፅ ስለማይሰማ ፉጨትና የመቅዘፊያ ምልክት አስቀድሞ ይስማሙበታል።

ጀልባ በሕልሙም የማያስብ አንባቢ፣ በተለይ ወደ ቆላ ወረዳዎች ለሥራ የሚመደብ ወጣት፣ ይህ እኔን አይመለከተኝም ሊል ይችላል። ነገር ግን ወደ ቋራ ወይም ወደ ሽንፋ በሐምሌ የሚወርድ ሠራተኛ ከደራሽ ውኃ ፊት የሚቆምበት ቀን አይጠፋም፤ መኪናው ውስጥ ሆኖ ሰዓቱን ያያል፤ ሾፌሩን «ይሻገራል ወይስ አይሻገርም?» ይላል። የሚሮጥ ውኃ 15 ሳንቲ ሜትር ሲሆን ሰውን ይጥላል፤ 30 ሲሆን ትንሽ መኪና ይወስዳል፤ 60 ሲሆን ብዙዎቹ መኪናዎች ይንሳፈፋሉ። የደፈረሰ ውኃ ከሥሩ የተቦረቦረውን መንገድ አያሳይም። ትናንሾቹ ወንዞች እንደሚሞሉ ሁሉ በጥቂት ሰዓት ይጎድላሉ፤ ሽማግሌው እንዳደረጉት አንዲት ዘንግ ከጠርዙ ላይ ተክሎ መጠበቅ ነው። ለስብሰባ ዘግይቶ የተወቀሰ ሠራተኛ አውቃለሁ፤ ውኃ ጠብቆ በማደሩ ግን የተጸጸተ አላየሁም።

በ2015 ዓ.ም. ጥር ወር፣ ጥምቀትን ጎንደር አክብረን፣ አራታችንም ወደዚያው ስፍራ ተመለስን። ለሽማግሌው አንድ ጋቢ፣ ለዚያ ማጭድ ለያዘው ልጅ ደግሞ አንድ ጥሩ ካራ ይዘን ነበር። ልጁ አጨዳው አልቆ ወደ አገሩ ወጥቷል፤ ካራውን ሽማግሌው ተቀብለው ለክረምት ሲወርድ እሰጠዋለሁ አሉ። ከዚያም በአሸዋው ላይ፣ በወንዙ መካከል፣ እየመሩ ወደ ታች ወሰዱን። ጫማችን አልራሰም። ያ ግራር እዚያው ተጋድሟል፤ ግንዱ ከራሳችን በላይ ነው። ከቅርንጫፎቹ በአንዱ ላይ፣ እጅ ዘርግተን በማንደርስበት ከፍታ፣ የጀልባችን ሰማያዊ ጎማ ቁራጭ ከደረቀ ሣርና ከጭቃ ጋራ ተጠምጥሞ ተሰቅሏል። የምሕንድስናው ተማሪ ብዙ ጊዜ ቀና ብሎ ተመለከተውና ቁመቱ ስንት እንደ ሆነ ማስላት ጀመረ፤ ከመካከል ተወው።